ቢጫዋ ሁለት እጅ ትፈልጋለች

ቂመኛ ነኝ። ይህን የምለው አፍሬ አይደለም። ሰው በቁመቱ ወይም በድምፁ እንደሚታወቅ እኔ በቂሜ እታወቃለሁ። ዘመዶቼ ያውቁታል፣ ጎረቤቶቼ ያውቁታል፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ያውቀዋል። ይህ ወሬ የእሱና የሁለት ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ወሬ ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ከተማዋ ናዝሬት። የጤና ረዳት ሆኜ በሕፃናት ክትባት ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ለክፍላችን ከውጭ አገር በዕርዳታ ሁለት ሞተሮች መጡልን። ሁለቱም ለአስፋልት ሳይሆን ለጭቃና ለኮረኮንች የተሠሩ፣ ቀጫጭን ወገብ፣ ጥርሳም ጎማ ያላቸው ናቸው። አንዷ ቀይ፣ አንዷ ቢጫ። ዕርዳታ ሰጪዎቹ ከነጂዎቹ መካከል ሴት ትኑርበት ስላሉ ከወንዶቹ ጋር እኔም ደብረ ዘይት ለሥልጠና ተላክሁ። ወንዶቹ ሲሄዱ ሳቁብኝ። ስንመለስ ፈተናውን ካለፉት ጥቂቶች አንዷ ስለነበርኩ ሳቃቸውን ዋጡት፤ ቀይዋም ለእኔ ተሰጠች።

ስለ ቀይዋ ትንሽ ላውራ። ቀይዋ የምትጠጣው ቤንዚን ብቻ ነው፤ ዘይቷ ሆዷ ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። በእግሬ ረግጬ ሳስነሳት ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ ትላለች፤ ተረጋግታ። ጉልበቷ ከታች ነው። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን፣ ያን በግራ እጅ የሚጨበጠውንና ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን እጀታ ስለቀው፣ ነዳጅ ባልሰጣት እንኳ እንደተጠመደ በሬ እየጎተተች በሰው እርምጃ ትሄዳለች። ትንሽ ብሰጣት ትንሽ፣ ብዙ ብሰጣት ብዙ ትሄዳለች። ድንገተኛ የሚባል ነገር አታውቅም።

ለእኔ ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ከኋላዬ የበረዶ ሣጥን ታስሯል፤ ሣጥኑ ውስጥ የክትባቱ መድኃኒት በብርጭቆ ብልቃጥ ተደርድሯል። ከናዝሬት ሞጆ፣ ከሞጆ ቆቃ፣ ከዚያ ዓለም ጤና፣ ከዚያ መቂ፤ ከዋናው መንገድ ወጥቼ ደግሞ በመስኖ ቦይና በሽንኩርት ማሳ መሃል እየተሽሎከሎክሁ እገባለሁ። አንድም ብልቃጥ ሳይሰበርብኝ እደርስ ነበር። እናቶቹ የቀይዋን ድምፅ ከሩቅ ስለሚለዩት ልጆቻቸውን ታቅፈው ዛፍ ሥር ይጠብቁኛል። «አካም ቡልቴ?» ይሉኛል በኦሮምኛ፣ እንዴት አደርሽ ሲሉ። «ነጋ»፣ ደህና፣ እላለሁ። ልጆቹ መርፌውን አይተው ያለቅሳሉ፣ እናቶቹ ይስቃሉ። ደስተኛ ነበርኩ። ደመወዜ እኔንና እናቴን ያኖራል፤ ሥራዬ ከቢሮ ያወጣኛል። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። እሱም እንደኔ የጤና ረዳት ነበር፤ በሥራው ሳይሆን በአፉ አድጎ የመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ሆነ። ሰብሳቢው እለዋለሁ። ያኔ ፊት ለፊት እርስዎ እለው ነበር፤ ሥልጣኑ ያስገድደኝ ነበር። ዛሬ የሚያስገድደኝ ስለሌለ እሱ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ። በስብሰባው መጨረሻ ሁላችንም ቆመን ግራ እጃችንን ጨብጠን ከፍ አድርገን «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ማለት አለብን። እኔና እናቴ ደግሞ ጴንጤዎች ነን። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ቆይቷል። ለእኛ ከሁሉም በላይ የሆነው ሌላ ስለነበር ያ መፈክር ከአፋችን እሺ ብሎ አይወጣም። እኔ መሃል ረድፍ ላይ እየቆምኩ፣ እጄን እስከ ትከሻዬ ብቻ እያነሳሁ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ብዙ ጊዜ አለፍኩ።

አንድ ዓርብ ሰብሳቢው ከንፈሬን አየ።

«ጓዲት፣ እስቲ አንቺ ብቻሽን በይልን» አለ።

«ጉሮሮዬን አሞኛል» አልኩ።

«እሺ፣ ጉሮሮሽ ይረፍ። እጅሽስ? እሱንም አሞታል?»

እጄ ከትከሻዬ አልፎ አልወጣ አለኝ። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ጡረታቸው የደረሰ ፈሪ ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ማበስ ጀመሩ።

«መፈክር ለማንሳት የከበደው እጅ የመንግሥት ሞተር አይነዳም» አለና ሰብሳቢው መዳፉን ዘረጋ። «ቁልፉን።»

የቀይዋን ቁልፍ እንዳይጠፋብኝ በክር አንገቴ ላይ ነበር የማስረው። ከልብሴ ሥር መዝዤ ማውጣት ነበረብኝ። ክሩ ፀጉሬ ላይ ተጠመጠመ፤ እሱ መዳፉን እንደዘረጋ፣ ፈገግ እንዳለ ጠበቀኝ። ቁልፉ እጁ ሲገባ ጨበጥ አደረገውና ወደ ወንዶቹ ዞሮ «አይ ሙቀቱ!» አለ።

ሳቁ። ሁሉም አይደሉም። የሳቁትን ግን አንድ በአንድ ይዣቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ መርፌ ቀቃይ ሆንኩ። ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ምድጃ ላይ ድስት ጥጄ የብርጭቆ መርፌዎች እቀቅላለሁ። ኃላፊው ፈሪም ቢሆኑ አንጀት ነበራቸውና የዓርብ ከሰዓቱ መርፌ የእኔ ተራ እንዲሆን አደረጉልኝ፤ በዚህ ዘዴ ከስብሰባው ቀረሁ። ሰብሳቢው ግን አልተኛልኝም። በበሩ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ «ቀን ይመጣል ጓዲት። ያን ቀን ወይ እጅሽ ይነሳል ወይ ከሥራ ትባረሪያለሽ» ይለኛል። በግቢው ውስጥ ቀይዋ ዱክ ዱክ ስትል በሰማሁ ቁጥር እርር ድብን እላለሁ። እናቴ «ለጌታ ተይው ልጄ» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ፤ ሆዴ ግን እሺ አላለም። ለጌታ የምተወው ሌላ ብዙ ነገር ነበረኝ፣ ይህን አንዱን ራሴ ላደርገው ፈለግሁ።

ሰብሳቢው ቀይዋን ይዞ መቂ ሄዷል እንዳትሉ። ከቤቱ ቢሮ፣ ከቢሮ ጠጅ ቤት ነበር ጉዞው። ከዓለም ጤናና ከመቂ በኩል ልጆቻችን ሳይከተቡ ቀሩ የሚል አቤቱታ ሲበረክት ኃላፊው ጨነቃቸው። አንድ ጠዋት ወደ መርፌ ክፍሌ ብቅ አሉ።

«ቢጫዋ አለች መጋዘን ውስጥ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ካልፈራሻት።»

ቢጫዋ የሚፈራት አላጣችም ነበር። ከሥልጠና ከተመለሱት ወንዶች አንዱን ጥላ የትከሻ አጥንቱን ሰብራዋለች፣ ሌላውን ቦይ ውስጥ ከታዋለች። ከዚያ ወዲህ ጆንያ ለብሳ ቆማለች። ጆንያውን ገፍፌ አወጣኋት። ሰብሳቢው እኔንም ትሰብራታለች ብሎ ስላሰበ አልከለከለኝም፤ የዓርቡ መርፌም የእኔ እንደሆነ ቀረ።

ቢጫዋ ሌላ ፍጥረት ናት። ቤንዚኗ ውስጥ ዘይት ተቀላቅሎ ነው የሚሰጣት፤ የተቃጠለው ዘይት በማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ድምጿ ጣሳ ውስጥ የተከደነ ተርብ ነው። ከቀይዋ ትቀላለች፣ ሞተሯም ያንሳል። ከታች ጉልበት የሚባል ነገር የላትም። ነዳጅ እሰጣታለሁ፤ ንንንን ትላለች፣ አትሄድም። እጨምርላታለሁ፤ ታጉረመርማለች፣ አትሄድም። ሞታለች ብዬ ትንሽ ጨመር ሳደርግ ግን ጉድ ይፈላል። ስትደብቀው የነበረው ጉልበት በሙሉ ባንድ ጊዜ ይመጣል። የፊት ጎማዋ ከመሬት ይነሳል፣ ክንዴ ከትከሻዬ ሊነቀል ይደርሳል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ዓለም ጤና ደርሼ የበረዶ ሣጥኑን ስከፍት ግማሹ ብልቃጥ ተሰባብሮ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የማለቅሰው ግን ለብልቃጡ ብቻ አልነበረም።

ቀስ በቀስ ገባችኝ። የቢጫዋ ምስጢር ያለው በግራ እጅ ላይ ነው። ቀይዋ ላይ ግራ እጄ ማርሽ ስቀይር ብቻ እየሠራ ሌላውን ጊዜ ሥራ ፈት ነበር። ቢጫዋ ላይ ግን ዋናው ሠራተኛ እሱ ሆነ። ቀስ ብዬ መሄድ ስፈልግ ሞተሯን ከፍ አድርጌ እያስጮህኩ ፍሪሲዮኑን ግማሽ መጨበጥ፣ ግማሽ መልቀቅ፣ እንደገና መጨበጥ አለብኝ፤ ላም እንደማለብ ያለ ነገር ነው። ያን ካወቅሁ በኋላ ብልቃጥ መስበር ተውኩ። እንዲያውም ከቀይዋ የምትበልጥበት ቦታ አገኘሁላት። በቆቃና በዓለም ጤና መካከል ያለው ያ እንደ ዱቄት የላመ ነጭ አቧራ ቀይዋን ክብደቷ ያሰምጣታል፤ ቢጫዋን ከላይ ከላይ ይዣት ከሄድኩ ሳትነካው ታልፈዋለች። የመስኖ ጭቃ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቀይዋ በዝግታ ቆንጥጣ ትወጣለች፤ ቢጫዋ ጉልበቷ እስኪመጣ ባለችበት ቀርታ፣ ሲመጣ ጎማዋን በከንቱ እያሽከረከረች ፊቴን ጭቃ ትቀባኛለች። እሳት የሚጭርላት ካንዴላዋም በዘይት ይጠቁርና በየጊዜው ፈትቼ መወልወል አለብኝ። አስቸጋሪ ናት። ወደድኳት። ዝም ብላ ቆይታ ድንገት የምትነሳ ነገር ያኔ ዘመዴ ነበረች።

የበቀሉ መንገድ የተገለጠልኝ መቂ ገበያ ላይ ነው። ሽንኩርት የሚጭኑ የጭነት መኪናዎች መንገዱን ሞልተውታል፤ እኔ በጆንያ መሃል በሰው እርምጃ እያዘገምኩ ነው። ልጇን የከተብኩላት አንዲት ቲማቲም ሻጭ ከወዲያ ማዶ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም ግራ እጄን አንስቼ ሰላም አልኳት። ፍሪሲዮኑ ተለቀቀ፤ ቢጫዋ አንድ ጊዜ ተንገጫግጫ ጠፋች። አስነሳኋት። ሴትዮዋ አሁንም ታወዛውዛለች። አሁን እንዳትጠፋ ብዬ ነዳጅ ጨምሬ እጄን ሳነሳ ተፈናጥራ አንድ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ወጣች። የጫኝና አውራጁን ስድብ እየሰማሁ ቆሜ አሰብኩ። ግራ እጅ። ከፍ የሚል ግራ እጅ። በእግረኛ እርምጃ።

በየዓመቱ መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ሰልፍ አለ። መሥሪያ ቤቶች በሙሉ በትሪቡኑ ፊት፣ ባለሥልጣኖቹ ከቆሙበት መድረክ ሥር፣ በእግሩ በሚጓዝ የሙዚቃ ባንድ እርምጃ ያልፋሉ። ሞተር ያለው ሞተሩን ይዞ ይወጣል። ትሪቡኑ ጋ ሲደረስ ደግሞ ነጂውም እንደ እግረኛው ግራ እጁን ጨብጦ ያነሳል። ቀይዋ ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ለቅቀሃት እንኳ ዱክ ዱክ እያለች ራሷ ትወስድሃለች። ቢጫዋ ላይ ግን የማይሆን ነገር ነው። ጆንያው ላይ እንደተቀመጥኩ ሳቄ መጣ፤ ጫኝና አውራጁ አበደች እንዴ ብሎ ስድቡን አቆመ።

ቀሪው ሥራ ሰብሳቢው ቢጫዋን እንዲመኛት ማድረግ ነበር። ይህ አልከበደኝም። በየቀኑ ከመስክ ስመለስ ቢሮው በር ላይ ቆሞ እንደሚገኝ አውቃለሁ። ከማዞሪያው ጀምሬ ሞተሯን አስጮሃታለሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ የፊት ጎማዋን ከመሬት አንስቼ፣ ጭሱን ፊቱ ላይ ለቅቄ እገባለሁ። የጋሪ ነጂዎቹ ያፏጫሉ። እሱ ደግሞ በቀይዋ ዱክ ዱክ እያለ ሲመጣ የሰፈር ልጆች በእግራቸው ይቀድሙታል። አንድ ቀን አንዱ ጋሪ ነጂ እሱ እየሰማው «ሴትዮዋ ፈረስ ላይ ናት፣ ሰውዬው በቅሎ ላይ» አለ። ያን ጋሪ ነጂ ብስመው ደስ ባለኝ ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ ሰብሳቢው ኃላፊው ቢሮ አስጠራኝ። ሁለቱም ነበሩ።

«ለበዓሉ ቢጫዋን እኔ እነዳለሁ» አለ። «ከፊት እሆናለሁ። አንቺ ቀይዋን ይዘሽ ትከተይኛለሽ።»

ፊቴን አጠቆርኩ። ለመንኩት፤ ቢጫዋን ለምጃታለሁ አልኩ። እምቢ ባልል ኖሮ እንደማይወስዳት አውቃለሁ። በለመንኩት ቁጥር ልቡ ሲያብጥ ይታየኛል። መጨረሻ ላይ እውነቱን ነገርኩት።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ቢጫዋ ሁለት እጅ ትፈልጋለች። ቀስ ብለው ሲነዱ ግራ እጅዎን ከለቀቁ ወይ ትጠፋለች ወይ ትዘላለች።»

ኃላፊው ቀና ብለው አዩኝ። እሱ ሳቀ። «ሴት የነዳችውን እኔን ሊያቅተኝ ነው? ምክርሽን ለራስሽ ያዢ።»

የነገርኩት ደግነት ይዞኝ እንዳይመስላችሁ። ከእኔ አፍ ከወጣ እንደማይሰማው አውቅ ስለነበር ነው፤ ከነገርኩት በኋላ ደግሞ ማንም ቢመክረው መስማት አይችልም። እሱ ግን አልጨረሰም።

«ሌላም ነገር። ዘንድሮ ጉሮሮ የሚባል ነገር የለም። በትሪቡኑ ፊት ግራ እጅሽን ታነሻለሽ። ዞሬ አይሻለሁ። ካላነሳሽ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ሥራ የለሽም።»

ቀይዋ ሰበብ አትሰጥም። ቀይዋ ላይ እጅ ማንሳት የሚያቅተው ሰው የለም፤ ይህን እሱም ለወራት ነድቷት ያውቀዋል። በራሴ ወጥመድ ራሴ ገብቻለሁ። ያለኝ ተስፋ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ የእኔ ተራ ከመድረሱ በፊት እንዲወድቅ።

ልምምዱ ላይ ይገባዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን ቤንዚን በኩፖን ነበርና ለልምምድ የሚባክን ጠብታ የለም ተባለ። ስለዚህ ሞተሮቹን አጥፍተን፣ ከጎናቸው በእግራችን እየሄድን፣ በቀኝ እጃችን እየገፋን ነው የተለማመድነው። የተጠፋ ሞተር እየገፉ ግራ እጅ ማንሳት ማንንም አያቅተውም። አሰልጣኙ «ግሩም ነው ጓድ ሰብሳቢ! ቀጥ ያለ ክንድ!» ይለው ነበር። እኔም ከኋላ አጨበጨብኩለት።

በዓሉ ደረሰ። ጠዋት ዝናብ ጥሎ ስለነበር አስፋልቱ ያብለጨልጫል። ከፊታችን መምህራን፣ ከኋላችን የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኞች። ሰብሳቢው አዲስ ሰማያዊ ካኪ ለብሷል። ሞተሯ እንዳትራብበት ብሎ ከቤንዚኑ ጋር ዘይት አብዝቶ አስቀላቅሏል፤ ለበዓል ቅቤ እንደሚጨመርበት ወጥ ማለት ነው። ይህን እኔ አላዘዝኩም፤ ከራሱ ነው የመጣው። ገና ከመነሻው ጭሱ መምህራኑን ያስላቸው ነበር። በሰው እርምጃ ተጓዝን። እንዴት እንደያዛት ከኋላ እያየሁ ነው። ግራ እጁ ፍሪሲዮኑ ላይ ስለነበር እንደምንም ትሄድለታለች።

ትሪቡኑ ጋ ደረስን። ማይክሮፎኑ የመሥሪያ ቤታችንን ስም ጠራ። ሰብሳቢው አንገቱን ቀና፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ ግራ እጁን ሰማይ ላይ ሰቀለ።

«ከሁሉም በላይ—»

ቢጫዋ ጠፋች።

ሰብሳቢው ወደ ፊት ተወርውሮ የነዳጅ ታንከሩ ላይ ተጋጨ። የሙዚቃ ባንዱ መምታቱን ቀጠለ፤ መምህራኑ እየራቁ ሄዱ። እኔ ከኋላው ፍሪሲዮንም ፍሬንም ጨብጬ ቆምኩ፤ ሁለት እጄ ሥራ ላይ ነው፤ ማንም ምንም ሊለኝ አይችልም። የፋብሪካው ሰዎች ከኋላዬ ተከመሩ። እሱ ይረግጣል፣ አትነሳም። ይረግጣል፣ ታስላለች። አራተኛው ይሁን አምስተኛው ላይ ነጭ ደመና ተፍታ ተነሳች፤ ደመናው ቀጥ ብሎ ወደ መድረኩ ወጣ። አንድ ባለሥልጣን መሐረብ አወጣ። አሁን እንዳትጠፋ ብሎ ነዳጁን ሰጣት፣ ያለ ልክ ሰጣት። መፈክሩ ግማሽ ላይ ቀርቶበታል፤ በዚያ መድረክ ፊት ደግሞ ግማሽ መፈክር አይተውም። ግራ እጁን እንደገና ለቀቀና አነሳ።

የፊት ጎማዋ ሲነሳ አየሁ። ሰብሳቢው ለአንድ አፍታ ክንዱ እንደተሰቀለ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ እርጥብ አስፋልት ላይ በቂጡ ተቀመጠ። ቢጫዋ ብቻዋን ሄዳ ለመድረኩ ጌጥ የተደረደሩትን የአበባ ጣሳዎች አጋድማ፣ ጎማዋን እያሽከረከረች ተኛች።

ማንም አልሳቀም። ሺህ ሰው ሳቁን በጥርሱ ይዞ ቆሟል። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ እየሳቅሁ ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ካኪው በጭቃ ተለውሶ፣ ሞተሯን እየገፋ፣ እያነከሰ ሲሄድ ከኋላው በቀይዋ ዱክ ዱክ እያልኩ ተከተልኩት። ዞሮ አላየኝም።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። በሳምንቱ ከበላይ አካል አንድ ሰው መጣ፤ ወታደር የነበረ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። ሁላችንም ተሰበሰብን። ሰብሳቢው ክርኑን በፋሻ አስሮ ተነሳና በጣቱ አሳየኝ።

«ሞተሩን አበላሽታ የሰጠችኝ እሷ ናት። ጴንጤ ናት፤ መፈክር አታነሳም። ይህ ግልጽ አሻጥር ነው።»

አሻጥር በዚያ ዘመን ሰው የሚበላ ቃል ነው። ይሁን እንጂ ቁጣዬ ፍርሃቴን ቀደመው።

«ብልሽት የላትም» አልኩ። «ጓድ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ግቢ እንውጣና ላሳይዎት።»

ወጣን። በመጀመሪያ ቀይዋን አስነሳሁና በሰው እርምጃ በግቢው ዞርኩ፤ ግራ እጄን ለቅቄ ከፍ አደረግሁት። አልጨበጥኩትም፤ አምስቱንም ጣቶቼን ዘርግቼ ነው ያነሳሁት። ቀይዋ ዱክ ዱክ እያለች ይዛኝ ሄደች። ቀጥዬ ቢጫዋን በሁለት እጄ ይዤ በዚያው እርምጃ ዞርኩ፤ እንደ ሕፃን ታዘዘችኝ። በመጨረሻ ፊታቸው ላይ ደርሼ ግራ እጄን አነሳሁ። ተንገጫግጫ ጠፋች።

«ይኸው ነው» አልኩ። «ቀይዋ ጉልበቷ ከታች ስለሆነ ራሷን ትችላለች። የዚችኛዋ ከላይ ነው፤ ግራ እጅ ካልያዛት አትሆንም። ሲሠሯት እንዲህ አድርገው ነው።»

እንግዳው ቢጫዋን ዞር ብሎ አያት። «ነግረሽው ነበር?»

«ነግሬዋለሁ።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። ሊያብሱት ነው ብዬ ተስፋ ስቆርጥ መልሰው አጠለቁት። «ነግራዋለች» አሉ። «እኔ ባለሁበት።»

እንግዳው ሰብሳቢውን ብዙ አላናገረውም። አንድ ነገር ብቻ አዘዘው፤ ውሳኔውን እዚያው በራሱ አፍ ለሠራተኛው እንዲናገር። ሰብሳቢውም ፋሻ ያሰረ ክንዱን ታቅፎ ተናገረ። ከእንግዲህ ሞተሯ የምትችልለት ነጂ እጁን ያነሳል፤ ሞተሯ የማትችልለት ነጂ ግን ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ያልፋል፣ መፈክሩንም በአፉ ብቻ ይላል። ድምፁ ሊሰማ አልቻለምና ከኋላ የነበሩት ድገመው አሉት። ደገመው።

«ለመስክ የምትወጪው አንቺ ነሽ» አለኝ እንግዳው ሊሄድ ሲል። «የትኛዋን ትወስጃለሽ?»

ሁሉም ቀይዋን አዩ። ኃላፊውም በዓይናቸው ቀይዋን ጠቆሙኝ፤ ብልቃጡን፣ ጭቃውን፣ የመቂን መንገድ አስበውልኛል።

«ቢጫዋን» አልኩ።

ከግቢው ሰው ሁሉ የገባው ሰብሳቢው ብቻ ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ግን ያን ውሳኔ ሁለቴ በራሱ አፍ የተናገረ ሰው ምን ሊል ይችላል? ቀይዋ ለእሱ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ በየመስከረሙ በትሪቡኑ ፊት አብረን አለፍን፤ እሱ በቀይዋ ከፊት፣ እኔ በቢጫዋ ከኋላ። የእሱ ግራ እጅ እስከ መጨረሻው መወጠር አለበት፤ ክንዱ ከዚያ ውድቀት ወዲህ ደህና ስላልነበር ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። የእኔ ሁለት እጆች መሪው ላይ ናቸው። ሞተሯን አስጮሃታለሁ፤ የተርብ ድምጿ መንገዱን ይሞላዋል። ያኔ አፌን ከፍቼ መዝሙር እዘምራለሁ። እቤት ጎረቤት እንዳይሰማ እየተንሾካሾክን የምንዘምረውን መዝሙር፣ እዚያ በባለሥልጣኖቹ ፊት፣ ከሆዴ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ እዘምረዋለሁ። በሞተሯ ጩኸት ማንም አይሰማኝም፤ አፌን የሚያይ ሁሉ መፈክር ነው የሚመስለው። ከእኔ ሁለት እርምጃ ፊት ያለው ሰው ግን ይሰማል። አንገቱ ሲደነድን አያለሁ። ዞሮ ሊያይ አይችልም፤ እጁን ሰቅሎ ወደ መድረኩ ማየት አለበት።